ቻፕሊን ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሰው ሳይገጥመው አይቀርም። መርፌም መድኃኒትም ያልያዘ ሰው አንኳኩቶ ይገባና «ትንሽ ልቀመጥ?» ይላል። ቻፕሊን ማለት እሱ ነው። አገልግሎቱ በሆስፒታል፣ በጦር ሠራዊት፣ በእስር ቤት የሆነ የሃይማኖት ሰው።

«እንደ ንስሐ አባት ነዋ?» ትሉ ይሆናል። ይቀራረባሉ። ግን የንስሐ አባት የቤተሰቡ ነው፤ ቻፕሊን የቦታው ነው። እኩለ ሌሊት ተጠርቶ ስማቸውን እንኳ የማያውቃቸው ሐዘንተኞች ጋ ይደርሳል። ታማሚው ኦርቶዶክስ፣ ፕሮቴስታንት፣ ሙስሊም ወይም ምንም የማያምን ሊሆን ይችላል። ቻፕሊኑ የሚገባው ሃይማኖት ሊያስቀይር አይደለም።

የቻፕሊን ሥራ መንፈሳዊ ጥሪ ነው ሲባል ልብ ብቻ ይበቃል ማለት አይደለም። ክሊኒካል ፓስቶራል ኤጁኬሽን የሚባል፣ ታማሚን በመንፈስ መደገፍ በተግባር የሚማሩበት ሥልጠና አለ፤ አንዱ ዩኒት፣ ማለትም አንዱ የሥልጠና ክፍል፣ ቢያንስ 400 ሰዓት ነው። ሠልጣኙ ከታማሚ ጋር የተነጋገረውን ቃል በቃል ጽፎ ያመጣል። ከዚያ በአሠልጣኙና በጓደኞቹ ፊት ይመረመራል። ይህን ያልከው ለታማሚው ብለህ ነው ወይስ ዝምታው ስለከበደህ? ከባድ ጥያቄ ነው።

በ1943 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዶርቼስተር የተባለች የአሜሪካ ወታደሮች መርከብ ግሪንላንድ አቅራቢያ በጀርመን ቶርፔዶ ተመታች። አራት ቻፕሊኖች ነበሩባት፤ አንድ ካቶሊክ፣ ሁለት ፕሮቴስታንት፣ አንድ የአይሁድ ረቢ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ሲያልቅ የራሳቸውን አውልቀው ለወታደሮች ሰጡ። አራቱም ከመርከቧ ጋር ሰጠሙ።

ስለ መሪነት ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሱት ሙሴና ዳዊት ናቸው። ለቻፕሊን ግን እኔ አሮንንና ሖርን አስቀድማለሁ። ዘጸአት 17 ላይ ሰይፍ ይዞ የዘመተው ኢያሱ ነው፤ እነሱ ደግሞ የዛለውን የሙሴን እጅ ፀሐይ እስክትገባ ደግፈው ቆሙ። የኢዮብ ወዳጆችም አሉ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ያጠፉት የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። ለቅሶ ቤት ገና እንደገባን «ለበጎ ነው» የምንለውም ያንኑ ነው።

ሆስፒታል የተኛ ዘመድ ካላችሁ ነርሷን «ቻፕሊን ጥሩልን» በሏት። አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። የራሳችሁን ቄስ ወይም ፓስተር ከፈለጋችሁም ለቻፕሊኑ ንገሩት፤ እንዲመጡላችሁ ማገዝ የሥራው አካል ነው።