መልሶ መተረክ፦ ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ሲጀመር

መልሶ መተረክ ልጅ አንድ ጊዜ የተነበበለትን ታሪክ በራሱ አንደበት መልሶ የሚናገርበት የማስተማሪያ ዘዴ ነው። በተለይ በአሜሪካና በእንግሊዝ ልጆቻቸውን ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ብዙ ወላጆች ሀ ብለው የሚጀምሩት በዚህ ነው። መልመጃ ደብተር አይፈልግም፤ “ክፍት ቦታውን ሙላ” የሚባል ነገር የለውም። ጥሩ መጽሐፍና ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ወላጅ ካለ ይበቃል። ዝም ማለቱ ግን ከሚታሰበው በላይ ይከብዳል።

ዘዴውን በሥርዓት ያስፋፉት እንግሊዛዊቷ መምህርት ሻርሎት ሜሰን ናቸው። ከ1842 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. ኖረዋል። በብራድፎርድ ከተማ ለወላጆች የሰጧቸው ንግግሮች በ1886 በመጽሐፍ ታተሙ። በ1892 ደግሞ አምብልሳይድ በምትባል የሰሜን እንግሊዝ ከተማ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈቱ። ቤት ለሚማሩ ልጆችም የትምህርት መርሐ ግብርና ፈተና በፖስታ ይላክ ነበር። ፈተናው ራሱ “ስለዚህ ጉዳይ የምታውቀውን ተናገር” ዓይነት ነው። ሴትዮዋ ካረፉ በኋላ ሥራቸው ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆየ። በ1980ዎቹ የቤት ውስጥ ትምህርት አሜሪካ ውስጥ ሲስፋፋ ግን እንደገና ተነሣ፤ ስለ ትምህርት የጻፏቸው ስድስት ቅጾችም በ1989 በድጋሚ ታተሙ።

በእሳቸው አካሄድ ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ተርክ ተብሎ አይገደድም። በራሱ ፈቃድ ካወራ እሰየው፣ ይደመጣል። ስድስት ሲሞላው በአጭር ነገር ይጀመራል፤ የኤዞፕ ተረቶች ለዚህ የተመቹ ናቸው። ከማንበብ በፊት ባለፈው የት እንደተቆመ ይወሳል፤ ከባድ ስሞች ካሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበባል። “እስቲ አሁን አንተ ንገረኝ።” ልጁ ሲናገር አይቋረጥም፣ አይታረምም። ውይይቱም እርማቱም እሱ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሁሉም ነገር ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። በጽሑፍ መተረክ የሚመጣው ዘግይቶ፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ ነው።

ለምን አንድ ጊዜ ብቻ? ልጁ ድጋሚ እንደሚነበብለት ካወቀ ጆሮውን አይሰጥም። በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሮዲገርና ካርፒኪ፣ ያደረጉት ሙከራም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ ያስታውሱ ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ያነበቡትን ከአእምሯቸው ለማውጣት የሞከሩት ናቸው። የተፈተኑት የኮሌጅ ተማሪዎች እንጂ የስድስት ዓመት ልጆች አለመሆናቸውን ግን ልብ ይሏል።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ብዙ ጊዜ አይሰምርም። አንዱ ልጅ “አላውቅም” ብሎ ዝም ይላል። ሌላው “ከዚያ... ከዚያ... ከዚያ...” እያለ ጅራቱን ከራሱ ያስቀድማል። ሦስተኛው የኤዞፕን የቀበሮና የወይን ተረት ሰምቶ ስለ ቀበሮዋ አንድም ነገር ሳይል ስለ ወይኑ ቀለም ብቻ ያወራል። ወላጅ እዚህ ላይ ይደነግጥና “ቀበሮዋ ምን አለች? ለምን ተናደደች?” ማለት ይጀምራል። ያኔ ትረካው ቀርቶ የቃል ፈተና ይሆናል፤ ልጁም የራሱን ማሰብ ትቶ እናቱ የምትፈልገውን መልስ ማደን ይይዛል። የሚሻለው ንባቡን ማሳጠር ነው፣ አንድ አንቀጽም ቢሆን። ወንድምና እህት አብረው ከተማሩ ትንሹ ይጀምር፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ለትንሹ የሚተርፍ የለም። መናገር የሚያፍር ልጅ ደግሞ ታሪኩን መጀመሪያ ይሳለው፣ ከዚያ ስለ ሥዕሉ ያውራ።

“ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” እያለ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ እንግዳ አይደለም። ማታ የሰማውን ተረት በነጋታው ለጓደኞቹ ያላወራ ልጅ የለም። የቆሎ ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ቃሉ ሳይዛነፍ ይያዛል፤ እዚህ የሚፈለገው ልጁ በራሱ ቃል እንዲናገር ነው።

ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ወላጆች በእንግሊዝኛ አንብበው በአማርኛ ማስተረክ ያምራቸዋል። ለጀማሪ ልጅ ይህ ሁለት ሸክም ነው፤ ታሪኩን ማስታወስም መተርጎምም ይጠበቅበታል። የአማርኛ ተረት ሰምቶ በአማርኛ ቢመልስ ይቀለዋል።

ሕጉንም ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የቤት ውስጥ ትምህርት በሁሉም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ግዴታው ግን እንደየግዛቱ ይለያያል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሜሪላንድ የልጁ ሥራዎች ተሰብስበው እንዲታዩ ትጠይቃለች። ትረካ ደግሞ ወረቀት ላይ አሻራ አይተውም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ልጁ ያለውን ቃል በቃል ጽፎ፣ ቀኑንና የመጽሐፉን ስም ጨምሮ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ጀርመን ውስጥ ግን ልጅ ትምህርት ቤት መሄዱ ግዴታ ስለሆነ፣ እዚያ ላሉ ቤተሰቦች መልሶ መተረክ የማታና የቅዳሜ ሥራ ነው የሚሆነው።