ነፃ ትምህርት ምን ያስከፍላል?

«የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው፤ ልጁ ለምን ዘጠነኛ አልገባም?» ይባላል። መልሱ ያለው ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባለው ቃል ውስጥ ነው። አንዱን ስንመርጥ ከምንተዋቸው ውስጥ የተሻለው አማራጭ ዋጋ ማለት ነው።

የካ አባዶ ውስጥ ሚኒስትሪ (የ8ኛ ክፍል ፈተና) ያለፈ የ16 ዓመት ልጅ አለ እንበል። ግንባታ ቦታ ብሎኬት ቢያቀብል በቀን 400 ብር ያገኛል። በወር 20 ቀን ከሠራ 8,000 ብር ነው። ክፍል ከተቀመጠ ይህን ብር ያጣል። ደብተርና ታክሲ ገና አልተቆጠሩም። ለእናቱ ይህ የቤት ኪራይ ነው። የትምህርቱ ትርፍ ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ አከራይ ግን ወር ሲሞላ በር ያንኳኳል። «ትምህርት ጠልቶ ነው» ሲባል በጣም ያሳዝነኛል።

ሌላም አለ። የአዲስ አበባ የተማሪዎች ምገባ የተዘረጋው እስከ 8ኛ ክፍል ላሉት ነው። ዘጠነኛ ሲገባ ምሳውም ከቤት ይሆናል።