አውራጅና ተቀባይ፦ የቅብብል ዜማ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ዘፈን ብቻውን አይቆምም። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይቀበላል። ግጥሙን የሚያወጣው አውራጅ ነው፤ የሚመልሱለት ተቀባዮች ይባላሉ። እነሱ የሚደጋግሙት ደግሞ አዝማቹን ነው። ሰው የሚያደንቀው አብዛኛውን ጊዜ አውራጁን ነው። ለእኔ ግን ዘፈኑን የሚሸከሙት ተቀባዮቹ ናቸው።

ቡሄን እንይ። ለነሐሴ 13 ልጆች በየደጁ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ይላሉ። አውራጁ ስንኝ ሲጥል የሌሎቹ መልስ «ሆ» ብቻ ነው። ያቺ «ሆ» መሬቱን ከሚመታው ዱላ ጋር እኩል ካልወደቀች ጭፈራው ወዲያው ይላላል። በእንቁጣጣሽ ተራው የሴት ልጆች ነው፤ መሪዋ «አበባየሆሽ» ስትል ጓደኞቿ «ለምለም» ይሏታል።

በአጨዳ ደቦም መልሱ ሥራ አለው። አጫጆቹ አብረው ሲቀበሉ ማጭዳቸው አብሮ ይሄዳል፣ የደከመውም ሳይታወቀው ይከተላል። አውራጁም እስኪመልሱለት ድረስ ቀጣዩን ስንኝ ያስባል።

በዘጌም ሆነ በደሴቶቹ ገዳማት ቅብብሉ በሥርዓት የተጻፈ ነው። የቅዳሴ መጽሐፍ ተራውን «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» እያለ ለካህኑ፣ ለዲያቆኑና ለሕዝቡ ያካፍላል። ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ብሎ ይመልሳል። በማኅሌት ደግሞ የቅዱስ ያሬድን ዜማ መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቀባበሉታል። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ማለትም ያለ መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይዜማል፤ ከዚያ መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው ይከተላሉ።

አዝማሪ ቤት ስንገባ ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ አውራጁ እንግዳው ነው፣ ተቀባዩ ባለማሲንቆው። ግጥም የመጣለት ሰው ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ይሰጣል። እንግዳው ስንኙን በንግግር ይነግረዋል፤ እንዲህ እንበል፦

ታንኳው ተንሳፈፈ ቀዛፊው ደከመው፣
አገር አማን ሲለኝ ልቤን ምን አመመው።

አዝማሪው የመጀመሪያውን ስንኝ እንደሰማ በዜማ ይመልሰዋል። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ቃሉ አይለወጥም፤ ግን በተራ ድምፅ የተነገረው ነገር ከማሲንቆው ጋር ሲወጣ ሌላ ነገር ይሆናል። ተናጋሪው ራሱ ገና አሁን የሰማው ይመስላል። ቤቱ ያጨበጭባል፣ ከወዲያ ጥግ ሌላው «ተቀበል!» ብሎ መልሱን ይልካል። ሁለት ጠረጴዛዎች በአንድ አዝማሪ አፍ እየተሟገቱ ሊያመሹ ይችላሉ። አንዳንዱ ደግሞ የመጀመሪያውን ስንኝ ተናግሮ ሁለተኛው ይጠፋበታል። ያኔ ማንም አይቸኩልም። አዝማሪው ያችኑ ስንኝ ደጋግሞ እያዜመ፣ ግጥሙ እስኪመጣለት ይጠብቀዋል።