አንደኛ ወጥቶ ምክር ቤቱን ማጣት

የእንግሊዝ ከተሞች የምክር ቤት ምርጫ ውጤት ሲነገር «ምክር ቤቱ በማንም ቁጥጥር ሥር አይደለም» የሚባል ነገር ይሰማል። ከተማዋ ያለ አስተዳዳሪ የቀረች ይመስላል። እንደዛ ግን አይደለም። ከመቀመጫዎቹ ከግማሽ በላይ የያዘ ፓርቲ የለም ማለት ነው፤ በቃ።

ሼፊልድን እንይ። ምክር ቤቱ 84 መቀመጫ አለው። አንድ ፓርቲ ብቻውን ለመወሰን 43 ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌበር ፓርቲ 41 ያዘ። ሊበራል ዴሞክራቶች 29፣ ግሪን ፓርቲ 13፣ ኮንሰርቫቲቭ ደግሞ 1። ሌበር አንደኛ ነው፤ ግን ሁለት ወንበር ጎደለው። ከ2011 ጀምሮ ብቻውን ሲመራ ቆይቶ፣ በሁለት ወንበር ምክንያት ከግሪን ጋር ተስማምቶ ማስተዳደር ግድ ሆነበት። ልብ በሉ፣ 13 መቀመጫ ያለው ፓርቲ ሥልጣን ሲጋራ 29 ያለው ውጭ ቀረ። ወሳኙ ማን ስንት አገኘ ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ተደምሮ 43 ይሞላል ነው።

ሌላም ግራ የሚያጋባ አለ። እዚያ ሁሉም መቀመጫ በአንዴ ለምርጫ አይቀርብም። እያንዳንዱ የምርጫ አካባቢ ሦስት ተወካይ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓመት የሚመረጠው አንዱ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት እንዲህ ይኬድና በአራተኛው ምርጫ የለም። ስለዚህ ሕዝቡ ፊቱን ያዞረበት ፓርቲም ወዲያው አይወድቅም፤ ቀደም ብለው የተመረጡት አባላቱ ወንበራቸው ላይ ናቸው። ይሄ ለመራጩ ከባድ ይመስለኛል። ዛሬ የሰጠው ድምፅ ሙሉ ውጤቱ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።