ወደ ፎቶ ለተመለሱ፦ ስለ ኤዲቲንግ የሚወራውና እውነታው

በፊልም ዘመን ፎቶ ያነሱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ጅማ ላይ ዲጂታል ካሜራ ይዘው ሳይ ደስ ይለኛል። ማንሳቱን አልረሱትም። የሚፈሩት ኮምፒዩተሩን ነው። ፍርሃቱ ደግሞ አብዛኛው ከወሬ የመጣ ነው።

«ኤዲት የተደረገ ፎቶ ውሸት ነው»

ጨለማ ክፍል (ፊልም የሚታጠብበትና ፎቶ የሚታተምበት ክፍል) የሠራ ሰው ይህን ማለት የለበትም። ወረቀቱ ላይ ሲያትሙ፣ የጠቆረ ፊት እንዲፈካ ብርሃኑን በእጅ ይከልሉ ነበር። ከመጠን በላይ የነጣውን ቦታ ደግሞ ብርሃን ጨምረው ያጠቁሩታል። ፎቶሾፕ ውስጥ ዛሬም ያሉት ዶጅ እና በርን የሚባሉት መሣሪያዎች ስማቸውም ሥራቸውም ከዚያው የመጣ ነው። ከሠርግ ፎቶ ላይ ሰው ቆርጦ ማውጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ውሸት ቢሉት አልከራከርም።

«ጄፔግ ይበቃል፤ ሮው ለባለሙያ ነው»

በጣም የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። ጄፔግ (JPEG) ካሜራው አዘጋጅቶና ጨምቆ የሚሰጥዎት ፋይል ነው፤ ሮው (RAW) ደግሞ ካሜራው ያየውን ሳያዘጋጅ የሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል ነው። ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አነሱ እንበል። በረንዳው ሥር ያለው እንጨት ጥቁር ነው፣ ከበላዩ ያለው ሰማይ በደመና ነጭ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ነው። ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 ደረጃ አለው። ጄፔግ ሲመርጡ የቀለሙንና የብርሃኑን ውሳኔ ካሜራው ራሱ ይወስናል፣ የተረፈውንም ይጥለዋል። በሮው ግን ጥላውን ከፍ ሲያደርጉት የእንጨቱ ቅርጽ ብቅ ይላል። በደመና ቀን ወደ ሰማያዊ ያደላ የቡና ማድረቂያ አልጋ ፎቶም ዋይት ባላንሱን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የቀለሙን ሚዛን) በማስተካከል ብቻ ቀለሙ ይመለሳል። ኔጋቲቩ በእጅዎ አለ ማለት ነው። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ቦታ ይይዛል፤ ቢሆንም ያዋጣል።

«የተበላሸውን ሶፍትዌሩ ያስተካክለዋል»

ሙሉ በሙሉ የነጣ ሰማይ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም፣ በሮውም ቢሆን። ፎከሱ የሳተ ዓይንም እንዲሁ። ስለዚህ ሲያነሱ ለሰማዩ ይጠንቀቁ፤ ጥላው በኋላ ይነሳል።

«ፎቶሾፕ ያልቻለ ኤዲቲንግ አይችልም»

ፎቶሾፕ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ከፎቶግራፍ አልፎ ለዲዛይን ሥራም የሚያገለግል ሰፊ ፕሮግራም ነው። ፎቶ አንሺ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ላይትሩም የተባለው ፕሮግራም የሚሠራው ዓይነት፣ ብርሃንና ቀለም የማስተካከል ሥራ ነው። ሁለቱም ዛሬ በደንበኝነት ክፍያ የሚገኙ ናቸው፣ በውጭ ምንዛሬ በየጊዜው መክፈል ደግሞ ለብዙዎቻችን አይቻልም። እባክዎ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ የተሰበረ) ቅጂ በፍላሽ አይቀበሉ፤ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ዳርክቴብል እና ሮውቴራፒ የሚባሉት ፕሮግራሞች ሮው ይከፍታሉ፣ ነጻ ናቸው፣ አንዴ ከወረዱ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራሉ። ቆርጦ ለመለጠፍና ለመሳሰለው ጊምፕ አለ፣ እሱም ነጻ ነው። ኮምፒዩተር ከሌለ ስልክ ላይ ስናፕሲድ በተባለው መተግበሪያ ይጀምሩ።

«ዋናውን ፎቶ አበላሸዋለሁ»

ላይትሩምም ዳርክቴብልም ዋናውን ፋይል አይነኩም። ያደረጉትን ለውጥ ለብቻው ይመዘግባሉ፤ ካልወደዱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። እንደ ልብ ይነካኩ። ሁሉንም ቁልፍ ማወቅም አይጠበቅብዎትም፦ ዋይት ባላንስ፣ ኤክስፖዠር (የፎቶው አጠቃላይ ብርሃን)፣ ጥላና ድምቀት፣ ክሮፕ (ጠርዙን መቁረጥ)። እነዚህን እስኪለምዱ ሌላውን ይተዉት።

«ስክሪን ላይ ካማረ ሲታተምም ያምራል»

ብዙ ሰው የላፕቶፑን ብርሃን እስከ ጥግ ከፍቶ ይሠራል። ፎቶው ስክሪኑ ላይ የፈካ ይመስላል፣ ፎቶ ቤት ሲሄድ ጠቁሮ ይወጣል። ብርሃኑን ይቀንሱ፣ ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ ይቀመጡ። ፋይሉን ሲያወጡ ኤስአርጂቢ (sRGB) የሚለውን የቀለም ዓይነት ይምረጡ። ትልቁን ከማዘዝዎ በፊት አንድ ትንሽ ያሳትሙና ከስክሪኑ ጋር ያስተያዩት። ከጠቆረ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ከፍ አድርገው እንደገና ይላኩ።