የተራራ አንበሳና የአደን እገዳ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሎስ አንጀለስ፣ በዴንቨርና በሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት ሠርተው ልጅ ያሳድጋሉ። የሦስቱም ከተሞች ዳርቻ አንድ ዓይነት ጎረቤት አለው፤ የተራራ አንበሳ፣ በሌላ ስሙ ፑማ። በር ላይ የተተከለ ካሜራ ሌሊት የቀረጸው ምስል ከስልክ ወደ ስልክ በተላለፈ ቁጥር አሮጌው ክርክር ይቀሰቀሳል። አንዱ «አደን ስለ ተከለከለ ነው የደፈረን» ይላል፤ ሌላው «እንስሳው እንዳይነካ» ይላል። ሁለቱም ወሬን መሠረት አድርገው ሲከራከሩ መስማት ስላሳዘነኝ፣ ደጋግመው የሚነገሩትን ስህተቶች እያነሳሁ የማውቀውን እጽፋለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ያው አንበሳ ነው»

ያሳሳተን ስሙ ነው። ይህ እንስሳ ጎፈር የለውም፣ አያገሳም፣ በመንጋም አይኖርም። እኛ በስም ከምናውቃቸው አውሬዎች በዝምድና የሚቀርበው አንበሳ ወይም ነብር ሳይሆን አቦ ሸማኔ ነው። ብቻውን ይኖራል፤ ዋና ምግቡ አጋዘን ነው። አንድ አውራ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ይዞ ሌላ አውራ እንዳይገባበት ይጠብቃል፤ የገባበትንም ብዙ ጊዜ ይገድለዋል። ይህን የመጨረሻውን ጠባይ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

«በካሊፎርኒያ የተራራ አንበሳ መግደል ፈጽሞ ክልክል ነው»

እውነት አይደለም። ግዛቲቱ ከ1907 እስከ 1963 ድረስ ለገደለ ሰው ሁሉ ገንዘብ ትከፍል ነበር፤ በዚያ ዘመን ከ12,000 የሚበልጡ ተገድለው ሽልማት ተከፍሎባቸዋል። ለስፖርት ማደን የታገደው በ1972 ነው። እገዳውን በፊርማቸው ያጸደቁት አገረ ገዥ ደግሞ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮናልድ ሬገን ነበሩ። ስለዚህ «እገዳውን ያመጡት የከተማ ግራ ዘመሞች ናቸው» የሚለው ወሬም አብሮ ይወድቃል። በ1990 ሕዝቡ 117ኛ የተባለውን የውሳኔ ሐሳብ በድምፁ ሲያጸድቅ እገዳው ዘላቂ ሆነ። ሕጉ እንዲሻር በ1996 ለመራጮች ቢቀርብም ተቀባይነት አላገኘም።

ነገር ግን የታገደው የስፖርት አደን ነው እንጂ መግደል አይደለም። ፍየሉ ወይም በጉ የተበላበት ሰው ለግዛቲቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት አመልክቶ የመግደያ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። በዚህ መንገድ ብቻ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ አንድ መቶ ያህል ሲገደሉ ኖረዋል። በ2016 ማሊቡ አካባቢ ተመራማሪዎች ፒ-45 ብለው የሚጠሩት አውራ በአንድ ሌሊት አሥር አልፓካዎችን (ለፀጉራቸው የሚረቡ፣ የግመል ዘመድ የሆኑ የቤት እንስሳት) ፈጀ። ባለቤታቸው ፈቃድ አወጡ፤ ሕዝቡ ግን በቁጣ ጮኸ፤ እሳቸውም ተዉት። መሥሪያ ቤቱ በሚቀጥለው ዓመት ደንቡን ለወጠ፤ በሳንታ ሞኒካና በሳንታ አና ተራሮች መጀመሪያ በረቱ እንዲጠናከርና አውሬው እንዲባረር፣ ጥቃቱ ከተደጋገመ ብቻ የመግደያ ፈቃድ እንዲሰጥ ተደረገ።

እዚህ ላይ የከብት አርቢው ወገን መሆኔን አልደብቅም። ጠዋት በረቱን ከፍቶ አሥር ሬሳ የሚያገኝ ሰው ሐዘኑ እውነተኛ ሐዘን ነው፤ በስድብ ሊመለስለት አይገባም። አውሬው «ለደስታው ነው የፈጀው» መባሉ ግን ስህተት ነው። በዱር አንዱ ሲያዝ ሌሎቹ ይሸሻሉ። በተከለለ ቦታ መሸሻ ስለሌላቸው ከአጠገቡ ይተራመሳሉ፤ የሚተራመስ ነገር ደግሞ የመያዝ ጠባዩን ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል። አጥር ብቻውን አያድናቸውም፤ ከላይ ጣሪያ ያለው ማደሪያ ግን ያድናቸዋል።

«አደን ከታገደ ወዲህ ተራብተው ሰው እየበሉ ነው»

በ2024 ይፋ የሆነው ግምት የካሊፎርኒያን የተራራ አንበሶች ከ3,200 እስከ 4,500 ያደርሳቸዋል፤ ቀድሞ ሲነገር ከነበረው 6,000 ያነሰ ነው። የሰው ሞት ግን ደርሷል፤ ማሳነስም ነውር ነው። በ1994 ሁለት ሴቶች በተለያየ ቦታ ተገደሉ፤ የ1996ቱ ክርክር የጋለውም በዚህ ምክንያት ነው። በ2004 አንድ ብስክሌተኛ ሞተ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ በግዛቲቱ የሞተ ሰው አልነበረም፤ በመጋቢት 2024 ግን በኤልዶራዶ አውራጃ ሁለት ወንድማማቾች ተጠቅተው የ21 ዓመቱ ሞተ። አደን የሚፈቅዱት ግዛቶችም ከሐዘን አላመለጡም፤ ኮሎራዶ በ1991 እና በ1997፣ ዋሽንግተን በ2018 ሰው ሞቶባቸዋል። የሞቱን ምክንያት በእገዳው ላይ መጫን በዚህ ሁሉ ፊት አይቆምም።

«ብዙ ከተገደለ ችግሩ ይቀንሳል»

ይህ ከሁሉም የበለጠ ለአእምሮ የሚቀርብ ነው፤ ስለዚህም ነው ጊዜ ወስጄ የምመለከተው። የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ በ1996 በአዳኝ ውሾች ማደንን ከለከለ፤ አደኑ ራሱ ግን አልቆመም። የአደን ወቅቱ ረዘመ፣ የፈቃዱ ዋጋ ቀነሰ፣ የሚገደለው ቁጥርም አደገ። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኋላ መዝገቡን ሲመረምሩ፣ ብዙ በተገደለበት ቦታ በሚቀጥለው ዓመት የሕዝቡ አቤቱታ በዝቶ አገኙት።

ያን የአውራ ጠባይ አሁን እናስታውስ። ግዛቱን የያዘው ሽማግሌ ሲገደል ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ገና አደን ያልተካኑ ጎረምሶች ከየአቅጣጫው ይገቡበታል። ሽማግሌው ከሰው መራቅን የለመደ ነበር፤ ጎረምሳው ግን በጓሮና በበረት ዙሪያ ይዞራል። ይህ ማብራሪያ በሁሉም ቦታ እኩል እንደማይሠራ የሚሞግቱ ባለሙያዎች አሉ፤ በእኔ ዘንድ ግን «ተኩስ ሰላም ያመጣል» ከሚለው ግምት ይልቅ ክብደት አለው። በ2024 የኮሎራዶ መራጮች የተራራ አንበሳን ማደን እንዲታገድ የቀረበላቸውን ሐሳብ ሳይቀበሉት ቀርተዋል። ይህ መብታቸው ነው፤ ድምፃቸው ግን አደን ከጥቃት እንደሚጠብቅ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

«ወደ ከተማ መጡብን»

በሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳናው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብዙም በማይርቀው ግሪፍዝ ፓርክ ፒ-22 የተባለው አውራ አሥር ዓመት ያህል ኖሯል። ሁለት ታላላቅ አውራ ጎዳናዎችን ተሻግሮ ነው የደረሰው፤ እዚያም እንስት ሳያገኝ በጠባብ ቦታ ተዘግቶ ቀረ። በ2014 በአይጥ መርዝ ምክንያት ታመመ፤ መርዙን የበሉ ትንንሽ እንስሳት ወደ አዳኙ ያደርሱታልና። በታኅሣሥ 2022 በመኪና ከተገጨና በእርጅና ከተጎዳ በኋላ ሐኪሞች ያለ ሥቃይ እንዲሞት አደረጉት።

የመጣው ማን እንደሆነ መንገዱ ራሱ ይናገራል። በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ በአጉራ ሂልስ 101ኛው ጎዳና አሥር መስመር አለው፤ በቀን ከ300,000 የሚበልጥ ተሽከርካሪ ያልፍበታል። የሳንታ ሞኒካን ተራሮች ከሌሎቹ ስለቆረጣቸው እዚያ የቀሩት አንበሶች ከዘመዶቻቸው ጋር ይራባሉ፤ ጅራታቸው የተቆለመመ መወለድ ጀምረዋል። በጎዳናው ላይ የእንስሳት መሻገሪያ ድልድይ ግንባታ የተጀመረው በ2022 ነው። ስለ ጠመንጃ ከምንከራከርበት ሰዓት ግማሹን ለአስፋልት፣ ለመርዝና ለበረት ጣሪያ ብንሰጠው ምንኛ ደስ ባለኝ!

«ካየኸው ሩጥ፤ ከያዘህ እንደ ሞተ ተኛ»

ይህኛው ስህተት ሕይወት ያስከፍላል። መሮጥ የማሳደድ ጠባዩን ይቀሰቅሳል። ፊት ለፊት መቆም፣ እጅን ዘርግቶ ትልቅ መምሰል፣ ጮክ ብሎ መናገር፣ ሕፃንን ጎንበስ ሳይሉና ጀርባ ሳይሰጡ ማንሳት ያስፈልጋል። ከመጣ ደግሞ በድንጋይ፣ በዱላ፣ በእጅ መታገል ነው። በየካቲት 2019 ኮሎራዶ ውስጥ በሆርስቱዝ ተራራ ብቻውን ይሮጥ የነበረ ሰው ከኋላው ኮቴ ሰምቶ ሲዞር ገና ያልጠነከረ ደቦል ዘለለበት። ጥርሱ እጁ ላይ እንደ ተተከለ ታገለው፤ በመጨረሻም አንገቱን በእግሩ ረግጦ አፈነው። ፊቱና እጁ እየደማ በራሱ እግር ከተራራው ወረደ።