መንገዱን የቦረቦረው አህያው አይደለም

ክረምት በወጣ ቁጥር ጎንደር ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ይነሳል። ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ የሚወርዱ የእግር መንገዶች ተቦርቡረው ይገኛሉ። አንዱ «አህያ ነው ያበላሸው፤ ይከልከል» ይላል። ሌላው «የሰው ብዛት ነው» ይላል። አጥር ይታጠር የሚልም አይጠፋም። በዓመቱ መንገዱ እንደገና ይፈርሳል፤ ወሬውም እንደገና ይነሳል። ሥራዬ የእግር መንገድ መቀየስና መጠገን ነው። ይህን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልናገር።

«መንገዱን የሚያበላሸው የሰውና የአህያ እግር ነው»

አይደለም። ውሃ ነው።

እግር የሚያደርሰው ነገር አለ፤ አልክድም። ሰው ሁልጊዜ የመንገዱን መሐል ይረግጣል። መሐሉ እየተጠቀጠቀ ይሰረጉዳል፣ ጠርዙ ከፍ ብሎ ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ ቀላል ነው። ከዚያ ሐምሌ ይገባል። ዝናቡ ወደ ጎን መውጫ ሲያጣ በዚያው ስርጉድ ይወርዳል። በወረደ ቁጥር ይፈጥናል። ሲፈጥን መጀመሪያ አፈር፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ በመጨረሻም ድንጋይ ይዞ ይሄዳል። በአንድ ክረምት እስከ ጉልበት የሚያስገባ ቦረቦር ይሆናል። ያን ጊዜ ሰውም ከብቱም ከቦረቦሩ ሸሽቶ በዳር በዳር ይሄዳል፤ ዳሩም እንደዚያው ይሆናል። መስከረም ላይ ለማየት የመጣ ሰው የሚያገኘው የኮቴ ዱካ ብቻ ነው። ውሃው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ከከተማው በስተምዕራብ ባለ አንድ ኮረብታ ላይ ሁለት መንገዶች አሉ። ከአንድ ሰፈር ተነስተው ወደ አንድ ወንዝ ይወርዳሉ። አፈሩ አንድ ነው። እንጨት የጫነው አህያ በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይመለሳል። ቀጥ ብሎ የሚወርደው ዛሬ ገደል ሆኗል። ኮረብታውን አግድም እየቆረጠ የሚሄደውና አባቶች ያወጡት መንገድ ግን እስካሁን ያስኬዳል። ጥፋቱ የአህያው ቢሆን ሁለቱም በፈረሱ ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የእግርና የብስክሌት መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የሚከተሉት ሕግ አለ፤ የመንገዱ ቁልቁለት ከኮረብታው ተዳፋት ግማሽ አይበልጥም። ኮረብታው 20 በመቶ ተዳፋት ካለው፣ መንገዱ ከ10 በመቶ በላይ አይውረድ። 10 ሜትር ሲሄድ ከ1 ሜትር በላይ ዝቅ አይበል ማለት ነው። ከዚህ ካለፈ ውሃው መንገዱን ማቋረጡን ትቶ ተከትሎት ይወርዳል። ሁለተኛ፣ መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ጎን ትንሽ ያዘንብል። ስፋቱ 1.5 ሜትር ከሆነ የውጭው ጠርዝ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። ሦስተኛ፣ መንገዱ ሲወርድ ሲወርድ አይቅር። በየመሐሉ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደገና ይውረድ፤ ውሃው እዚያ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ይወጣል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እርከን የሚቀይሱበት ገመድና ውሃ ልክ በቂ ነው።

የታጠበው አፈርም የትም አይጠፋም። በአንገረብ በኩል ያለው ለከተማው የመጠጥ ውሃ ወደተሠራው ግድብ ይወርዳል። ግድቡን ደለል እያስቸገረው እንደሆነ የማያውቅ ጎንደሬ የለም። ደለሉ ከእርሻውም ከተራቆተው ተዳፋትም ይመጣል። ግን ቀጥ ብሎ የወረደ የእግር መንገድ ለደለሉ ዋና ቦይ ሆኖ ያገለግላል።

እግርና ኮቴን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ዋልካ መሬት ላይ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ከብት ካለፈ መሬቱ ይቦካል። እንዲህ ያለውን ክፍል ለጥቂት ቀን መዝጋት ተገቢ ነው። ግን ሌላ መተላለፊያ አሳዩ። ገበያ የሚሄድን ገበሬ ከነጭነቱ ተመለስ ማለት አይቻልም።

«ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ካልተነጠፈ መንገድ አይባልም»

ኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ይህ አስተሳሰብ ብሷል። ከተማ መሐል ኮብልስቶን ጥሩ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ጠንካራና ለጥ ያለ ወለል የግድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ተዳፋት ላይ ግን ንጣፍ ውሃን አያቆምም፤ ያፈጥነዋል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ለውበት ተብሎ በሁለቱም ጎን የሚደረደረው የጠርዝ ድንጋይ ነው። ውሃው ወደ ጎን እንዳይወጣ ይዘጋበታል፤ መንገዱ ቦይ ይሆናል። ንጣፉ ከሥሩ ይቦረቦርና በሁለተኛው ክረምት ይነሳል። ለስላሳው ንጣፍ ላይ አህያ ይንሸራተታል። እናቶችም እንደዚያው፤ በተለይ በጠዋት ጤዛ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ። በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ ውሃው ከተስተካከለለት፣ ከዚያ ይሻላል። ወጪውም ያንሳል።

«ሰፊ በሆነ ቁጥር ጥሩ ነው»

እንደ ቦታው ነው። እግረኛና ብስክሌት በሁለት አቅጣጫ ለሚሄዱበት ሜዳ መንገድ የአሜሪካኖቹ መመሪያ 3 ሜትር ገደማ ይላል። ተዳፋት ላይ 3 ሜትር ለማግኘት ግን ኮረብታውን በጣም መቁረጥ አለባችሁ፤ የተቆረጠው ግድግዳም ክረምት ላይ ይናዳል። ስፋት የሚጠይቀው ታቦት የሚያልፍበት መንገድ ነው። ጥር 10 እና 11 ወደ ፋሲል መዋኛ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ካርታ ከመሣላችሁ በፊት የደብሩን አስተዳዳሪና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

«ዛፍ ከተከልን አረንጓዴ መንገድ ሆነ»

ባሕር ዛፍ ከሆነ የተከላችሁት፣ ከሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም። አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ዝናብም ያጥበዋል። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ ትከሉ። የመንገዱን ጠርዝ ደግሞ ለሣር ተዉለት።

«አቋራጭ የሚያወጣው ሥርዓት የሌለው ሰው ነው»

ሰው አቋራጭ የሚያወጣው ቀያሹ የት መሄድ እንደሚፈልግ ስላልጠየቀው ነው። ምንጭ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን። መጀመሪያ ሰው የሚሄድበትን እዩ፤ ከዚያ ቀይሱ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ ላይኛውና ታችኛው መታጠፊያ ተያይተው ከታዩ ልጆች ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። መታጠፊያውን ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ባለበት ቦታ አድርጉት። «ማቋረጥ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ማንም አያነበውም።

«ጥበቃ ማለት ጠመንጃ የያዘ ሰው ማቆም ነው»

ጊዜው ከባድ ነው። ሰው ወጣ ብሎ ለመግባት የሚሠጋበትን ምክንያት አቃልዬ አላይም። የታጠቀ ጥበቃ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ የሚሄድ እንግዳ ያለ ስካውት አይንቀሳቀስም። ግን ስካውቶቹን ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው። ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ይሄዳሉ። የትኛው ድልድይ እንደላላ፣ የትኛው ጠርዝ እንደተናደ፣ የማን በቅሎ የት እንደታመመች ያውቃሉ። ጥበቃ ማለት ይህ ነው።

እኛ ጋ ግን ጥበቃው በር ላይ ወንበር ይሰጠዋል። አንድ አካባቢ ያለ መንገድ ላይ ጥበቃው መግቢያው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከእሱ ጥቂት ራቅ ብሎ የውሃ ማሳለፊያው በላስቲክ ተደፍኖ መንገዱ ሲቆረጥ ደርሻለሁ። በእሱ አልፈረድኩም። አካፋ የሰጠው የለም፤ ሂድና እይ ያለውም የለም። ለጥበቃው ዶማና አካፋ ስጡት። ጠዋትና ማታ ዳር እስከ ዳር ይሂድ። ያየውን የሚነግረው ሰው፣ የነገሩትን የሚያሠራ ሰው ይኑር።

መንገድ ሌባ ያመጣል የሚሉም አሉ። ሌባ የሚወደው ሰው የማይሄድበትን መንገድ ነው። ቁጥቋጦው ከጉልበት በላይ አይደግ፣ የዛፉ ቅርንጫፍ ከ2 ሜትር በታች አይንጠልጠል። ሰው ከሩቅ ይተያይ።

«አንዴ ከተሠራ አለቀ»

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ሐምሌ ላይ በአካፋ የሚጠረግ ቦይ መስከረም ላይ ጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ፣ ይጠይቃል። ምርቃት ላይ የሚወጣው ገንዘብ ትንሹ ለዓመታዊ ጥገና ቢቀመጥ ብዙ መንገድ ይተርፍ ነበር። ግንቦት ላይ ማሳለፊያዎቹን ሁሉ ጥረጉ። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ውሃው የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ተከተሉት፤ ችካል ትከሉበት። መንገድን የሚመረምር ሰው በበጋ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የሚያየው ነገር የለም።

«መግቢያው ላይ ምሰሶ ከተተከለ ባጃጅ አይገባም»

በምሰሶዎቹ መሐል 1.5 ሜትር ከተዋችሁ መኪና ይቆማል፤ ባጃጅ ግን ይገባል፣ ወርዱ 1.3 ሜትር ገደማ ስለሆነ። 1.2 ሜትር አድርጉት። ተሽከርካሪ ወንበርም ብስክሌትም ያልፋል። ቋሚ ከማድረጋችሁ በፊት ግን ጭድ የጫነ አህያ አምጥታችሁ አሳልፉ። ጭነቱ ከነካ፣ ለእሱ በጎን በኩል ባጃጅ የማይወጣው ዝቅተኛ የድንጋይ ደረጃ ሥሩለት።